ሕልም፣ እውነታና ካሜራ፦ ሱሪያሊዝምን በፊልም ስለ ማስተማር የደረሱን ጥያቄዎች

ከመምህራን፣ ከፊልም ክበብ አስተባባሪዎችና ከተማሪዎች ከደረሱን ደብዳቤዎች ውስጥ ለዚህ እትም የመረጥናቸው በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፦ ሕልምንና እውነታን የሚያዋሕደውን የጥበብ እንቅስቃሴ፣ ሱሪያሊዝምን፣ በፊልም እንዴት እናስተምር? እኛም በዝርዝር ለመመለስ ሞክረናል። «ዓ.ም.» ያልተባለላቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሥነ ጥበብ መምህርት ነኝ። ሱሪያሊዝም ላይ ስደርስ የቀለጡ ሰዓቶችን ሥዕል አሳያለሁ። ተማሪዎቼ ግን ወይ «ሕልም ነው» ብለው ያልፉታል፣ ወይ «ፍቺው ምንድን ነው?» እያሉ ይወጥሩኛል። በፊልም ባስተምርስ ብዬ አስቤያለሁ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ብቻ ነው። ከየትኛው ፊልም ልጀምር? (መምህርት፣ ከደሴ)

መልስ፦ መምህርት፣ ሐሳብዎ ልክ ነው። ሠዓሊ ያሻውን መሣል እንደሚችል ተማሪው ስለሚያውቅ የቀለጠ ሰዓት ሸራ ላይ ቢያይ ብዙም አይገርመውም። ካሜራ ግን የሚቀዳው ፊቱ ያለውን ነው። ደረጃው እውነተኛ ደረጃ፣ ቢላዋው እውነተኛ ቢላዋ ሆኖ ሳለ በነገሮቹ መካከል ያለው ሥርዓት ሲናጋ ተማሪው ወንበሩ ላይ ቀና ይላል። ሱሪያሊዝም የሚቆመው በእውነታ ላይ ነው፤ ይህንን ከፊልም በተሻለ የሚያስተምር መሣሪያ የለም ብለን እናምናለን።

ታሪኩን በ3 ደቂቃ ይጨርሱት። ፈረንሳዊው ገጣሚ አንድሬ ብረቶን በ1924 ፓሪስ ላይ የሱሪያሊዝምን ማኒፌስቶ (የአቋም መግለጫ) አወጣ። ሰውዬው ሕክምና የተማረ ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በሳን ዲዝዬ የአእምሮ ሕክምና ማዕከል ውስጥ ሲሠራ ጦርነቱ አእምሯቸውን ያወከባቸውን ወታደሮች አዳምጧል፤ ድብቁን አእምሮና ሕልምን ያጠናው የፍሮይድ ሐሳብም ስቦታል። ማኒፌስቶው የጠየቀው ሕልምና የነቃ ሕይወት ተለያይተው እንዳይቀሩ፣ ተዋሕደው ከሁለቱም የሚበልጥ እውነታ እንዲሆኑ ነው። ተማሪዎቹ ከታሪኩ ይህችን ብቻ ከያዙ ይበቃል። ከእውነታ ስለ መሸሽ የሚናገር ነገር የለባትም።

ለመጀመሪያው ትምህርት የምንመርጥልዎ ማያ ዴረን እና አሌክሳንደር ሃሚድ በ1943 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሠሩትን «ሜሺስ ኦፍ ዚ አፍተርኑን» ነው። ርዝመቱ 14 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉውን አሳይቶ የተወሰነ ክፍሉን መድገም ይቻላል። ንግግር ስለሌለበት የቋንቋ ችግር አይኖርም። ሁሉም ነገር የሚፈጸመው አንድ ቤት ውስጥና ደጃፉ ላይ፣ በተለመዱ ዕቃዎች ነው፦ ቁልፍ፣ ቢላዋ፣ አበባ፣ ስልክ፣ ዳቦ። ለጥንቃቄ ያህል አንድ ነገር አስቀድመው ይወቁ፦ ፊልሙ ሴትየዋ ሞታ በመገኘቷ ያበቃል። ስለዚህ ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ይሁን፤ ከመጀመርዎ በፊትም ለተማሪዎቹ ይንገሯቸው። በቅርቡ ቤቱ ሐዘን የገባበት ተማሪ ካለ ከክፍል መውጣት እንዲችል ይፍቀዱለት።

አሁን የሚሰሙት ሙዚቃ በቴይጂ ኢቶ ተሠርቶ የተጨመረው በ1959 ነው፤ ፊልሙ መጀመሪያ ድምፅ አልባ ነበር። መጀመሪያ ሲያሳዩ ድምፁን ያጥፉት። ሙዚቃ ካለ ተማሪው ምን ሊሰማው እንደሚገባ ሙዚቃው ይነግረውና ዓይኑ ይሰንፋል። ድምፅ ሲጠፋ መጀመሪያ ሳቅ ይሰማል። አይቆጡ፣ አያቁሙት፤ ጸጥታውን ሲለምዱት ሳቁ ራሱ ይቆማል።

14 ደቂቃው እንዳለቀ መብራት አብርተው 6 ደቂቃ ያጽፏቸው። እያንዳንዱ ተማሪ «አየሁ» በሚል ቃል የሚያበቁ 8 ዓረፍተ ነገሮች ይጻፍ። «ሴትየዋ ብቸኛ ነበረች» አይፈቀድም፤ ብቸኝነት በዓይን አይታይም። «ቁልፉ ከእጇ አምልጦ በደረጃው ላይ እየነጠረ ሲወርድ አየሁ» ይፈቀዳል። ይህ ልምምድ ቀላል ይመስላል፤ ትምህርቱ የሚሳካውም የሚከሽፈውም እዚህ ላይ ነው። መምህሩ ቸኩሎ «ምን ማለት ይመስላችኋል?» ብሎ ከጀመረ ከዚያ በኋላ ፊልሙን የሚያይ የለም፤ ሁሉም ፍቺ ፍለጋ ይሄዳል።

ወደ ፍቺው ጥያቄ እንምጣ። እኛ አገር ሕልም እንደ ፈቺው ነው፤ ተማሪ ሕልም ሲያይ ፈቺ መፈለጉ ያደገበት ነው፣ ሊነቀፍም አይገባም። ዴረን ግን ፊልሟ በምልክት ፍቺ እንዲነበብ አልፈለገችም፤ ሱሪያሊስት መባልንም አልተቀበለችም። ስለዚህ «ቁልፉ ምንድን ነው?» ሲሉዎ «ቁልፉ ከዚህ በፊት የት ነበር?» ብለው ይመልሱላቸው። ሰሌዳ ላይ ሠንጠረዥ ይሥሩ፤ ከላይ ወደ ጎን ቁልፍ፣ ቢላዋ፣ አበባ፣ ስልክ ይጻፉ፤ ወደ ታች ደግሞ ሴትየዋ ወደ ቤቱ የገባችበትን ዙር። ቢላዋው መጀመሪያ ዳቦ ላይ ተሰክቶ ይታያል፣ ኋላ ሌላ ቦታ ይገኛል። ቁልፉ ከአፏ ይወጣል፤ መዳፍ ላይ ቢላዋ ይሆናል። ሠንጠረዡ ሲሞላ ተማሪዎቹ ራሳቸው የሚያገኙት ነገር አለ፦ ፊልሙ ዝብርቅርቅ አይደለም፣ በጥብቅ የተሠራ ነው። ነገሮቹ እየተደጋገሙ፣ በየዙሩ ጥቂት እየተዛነፉ ይሄዳሉ።

በቀሩት 12 ደቂቃዎች አንድ ቦታ ብቻ ቆም እያደረጉ ይድገሙ፦ ሴትየዋ ቢላዋ ይዛ ተነሥታ ወደተኛችው ወደ ራሷ የምትራመድበትን። አንዱ እርምጃ አሸዋ ላይ ያርፋል፣ ቀጣዩ ሣር ላይ፣ ከዚያ የእግረኛ መንገድ ንጣፍ ላይ፣ የመጨረሻው የቤቱ ምንጣፍ ላይ። ቦታው አራት ነው፣ አካሄዱ ግን አንድ ነው። «ካሜራው ዋሸን?» ብለው ይጠይቁ። እያንዳንዱ ሾት (ሳይቋረጥ የተቀረጸ አንድ ቁራጭ) እውነት ነው፤ እግሩ በእርግጥ አሸዋ ረግጧል፣ በእርግጥ ምንጣፍ ረግጧል። የማይሆነውን ነገር የፈጠረው የሾቶቹ መጋጠሚያ ነው። ክፍሉ ይህን በራሱ አንደበት ሲናገር 5 ደቂቃ ቀርቶዎት ከሆነ በጥሩ ጊዜ ደርሰዋል።

ጥያቄ፦ የፊልም ክበብ አስተባብራለሁ። ስለ ሱሪያሊዝም ያነበብኩት ሁሉ የሚጠቅሰው ፊልም ሠሪው ሉዊስ ቡኑኤልና ሠዓሊው ሳልቫዶር ዳሊ የሠሩትን፣ ዓይን በምላጭ የሚቆረጥበትን «የአንዳሉሲያ ውሻ» (አን ሽየን አንዳሉ) የተባለ ፊልም ነው። ላሳየው ወይስ ልተወው? ወላጆችም ይመጡብኛል ብዬ እሰጋለሁ። (ከጎንደር)

መልስ፦ ክበብዎ ውስጥ ከ11ኛ ክፍል በታች የሆኑ ልጆች ካሉ ሙሉውን አያሳዩ። ዓይኑ የሚቆረጠው ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው፤ ከዚያ በኋላም ወንድ ሴትን የሚተናኮልበት ትዕይንትና ፒያኖ ላይ የተጫኑ የሞቱ አህዮች አሉ። ወላጅ ቢቆጣ ምክንያት አለው። ለትልልቆቹ ሲያሳዩ ደግሞ የተቆረጠው የሞተ ጥጃ ዓይን እንደሆነ አስቀድመው ይንገሩ። «ምስጢሩን ከነገርኳቸው ውጤቱ ይጠፋል» የሚሉ አሉ፤ አይጠፋም። አውቆም ሰው ፊቱን ያዞራል፤ ለምን እንደሚያዞር መወያየት ራሱ ትምህርት ነው።

ሳያሳዩ ለማስተማር የሚረዱ ሁለት መንገዶች አሉ፤ ሁለቱም ከፊልሙ አሠራር የተቀዱ ናቸው።

የመጀመሪያው ዓይኑ የሚቆረጥበትን ትዕይንት በአራት ካርድ መሥራት ነው። ቡኑኤል ራሱ የሚጫወተው ሰውዬ ምላጭ ይስላል፤ በረንዳ ላይ ወጥቶ ጨረቃን ያያል፤ ምላጩ ወደ ሴትየዋ ዓይን ይቀርባል፤ ቀጭን ደመና ጨረቃዋን አቋርጦ ያልፋል። አራቱን በካርድ ላይ አስሥለው በቅደም ተከተል ሰሌዳ ላይ ይለጥፉ፤ አምስተኛውን ካርድ ባዶ ያድርጉት። «ቀጥሎ ምን ይመጣል?» ሲሉ ክፍሉ በሙሉ ያውቀዋል፣ ማንም ግን አልነገራቸውም። ክብ ነገር፣ የሚያቋርጠው ቀጭን መስመር፤ ቅርጹ ብቻ ነው የነገራቸው። በሁለት ሾቶች መካከል ያለው ድልድይ ምክንያትና ውጤት ሳይሆን መመሳሰል መሆኑ ከሱሪያሊስት ፊልም ዋነኛ መሣሪያዎች አንዱ ነው። የፊልሙ መነሻ ይህን ምስል ያየበት የቡኑኤል ሕልም ነው፤ ዳሊ ደግሞ ጉንዳን የወረረው እጅ በሕልሙ አየ። ስክሪፕቱን አብረው ሲጽፉ የተስማሙበት ሕግ ደግሞ ለክበብዎ እንዳለ ሊወሰድ ይችላል፦ ምክንያታዊ ማብራሪያ ሊሰጠው የሚችል ማንኛውም ሐሳብ ወይም ምስል አይገባም።

ሁለተኛው የጊዜ መስመር ነው። ፊልሙ ድምፅ አልባ ስለሆነ በመካከሉ ጽሑፎች ይመጣሉ፦ «ከዕለታት አንድ ቀን»፣ «ከስምንት ዓመት በኋላ»፣ «ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ»፣ «ከዐሥራ ስድስት ዓመት በፊት»፣ «በጸደይ»። ሰሌዳ ላይ መስመር አስምረው ተማሪዎቹ እነዚህን በቦታቸው እንዲያስቀምጡ ያድርጉ። ከስምንት ዓመት በኋላ ሰዎቹ ስምንት ዓመት አላረጁም፤ ወደ ኋላ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲባል ክፍሉም ሰዎቹም ያው ናቸው። መስመሩ አልሞላ ይላል። ተማሪዎች ሰዓት ተናግሮ የሚዋሽ ፊልም እንዳለ ሲያዩ፣ በየቀኑ የሚያዩት ድራማ «በማግስቱ» ሲል ለምን ያለ ጥያቄ እንደሚያምኑት መጠየቅ ይጀምራሉ።

ስለ ፊልሙ ታሪክ አጭሩን ይንገሯቸው፦ በ1929 ስቱዲዮ ዴዙርሱሊን በተባለው የፓሪስ ሲኒማ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፤ ገንዘቡን የሰጠችው የቡኑኤል እናት ናት። በዕለቱ ቡኑኤል ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ በሸክላ ማጫወቻ የቫግነርን ሙዚቃና የአርጀንቲና ታንጎ ያፈራርቅ ነበር። አሁን የምንሰማው ድምፅ በ1960 የተጨመረ ነው።

ጥያቄ፦ ፕሮጀክተር የለንም። መብራትም ይቆራረጣል። (መምህር፣ ከወልድያ)

መልስ፦ ፊልሞቹን አስቀድመው ስልክ ላይ ያውርዱ፤ ክፍሉን ስድስት ስድስት አድርገው ይከፋፍሉ፤ ለየቡድኑ አንድ ስልክ ይስጡ። ስልኩ በእጅ ሳይያዝ ደብተር ላይ ተደግፎ በዴስክ መሐል ይቁም፤ በእጅ ከተያዘ ያዢው ብቻ ነው የሚያየው። ሁሉም ቡድኖች በአንድ ጊዜ ያስጀምሩ፤ አለበለዚያ የቀደመው ቡድን ሳቅ የኋለኛውን ያበላሽበታል። ይህም ካልተቻለ ከላይ የጠቀስናቸው የካርድና የጊዜ መስመር ልምምዶች ጠመኔ ብቻ ይበቃቸዋል።

ጥያቄ፦ ጋዜጠኝነት አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ በስልካቸው ያዩትን ቪዲዮ ሁሉ እንደ እውነት ይወስዳሉ። ሱሪያሊዝም ለዚህ የሚረዳኝ ነገር ይኖረዋል? ወይስ የሠዓሊዎች ጉዳይ ብቻ ነው? (መምህር፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ለእርስዎ ትምህርት ሱሪያሊዝም ለሠዓሊዎቹ ከሚጠቅመው በላይ ሊጠቅም ይችላል። ዓይን የቆረጠው ያው ቡኑኤል በ1933 ዘጋቢ ፊልም ሠርቷል። «ላስ ሁርደስ» ይባላል፤ ወደ 27 ደቂቃ ይረዝማል፤ የሚያሳየው በስፔን ኤክስትሬማዱራ ክልል ተራሮች ውስጥ ያለ ድኻ አካባቢን ነው። ወጪውን የሸፈነው ራሞን አሲን የተባለ አርቲስትና መምህር በወጣለት የሎተሪ ገንዘብ ነው። አሲን በ1936 የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሲጀምር በፍራንኮ ወገኖች ተገደለ።

ፊልሙን መጀመሪያ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ያሳዩ፤ «ዘጋቢ ፊልም ነው» ይበሉ፣ ይበቃል። ከዚያ ወደ ፍየሏ ይመለሱ። ተራኪው እዚያ አገር የፍየል ሥጋ የሚበላው ፍየል ከገደል ስትወድቅ ብቻ እንደሆነ ይናገራል፤ ወዲያው ፍየል ከገደል ስትወድቅ እናያለን። ቁራጩን አዘግይተው ሦስት ጊዜ ይድገሙና ተማሪዎቹ የምስሉን ቀኝ ጠርዝ እንዲያዩ ይንገሯቸው። ጭስ ብልጭ ይላል። የጠመንጃ ጭስ ነው፤ ፍየሏ የወደቀችው ተተኩሶባት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ሾት ደግሞ አወዳደቋን ከሌላ አቅጣጫ፣ ከላይ ያሳያል። «ድንገተኛ አደጋ ከሆነ ካሜራው ሁለት ቦታ ላይ እንዴት ቆሞ ጠበቀ?» የሚለውን ጥያቄ ተማሪ ራሱ እስኪያነሣው ይታገሡ። መምህሩ ቀድሞ ከነገራቸው የሚይዙት የፍየሏን ወሬ ነው። ራሳቸው ከደረሱበት ግን ከዚያ በኋላ በሚያዩት ቪዲዮ ሁሉ ላይ «ካሜራው የት ነበር?» ይላሉ። ንቦች የገደሉት አህያም አለ፤ ፊልሙን ያጠኑ ሰዎች አህያው ማር ተቀብቶ እንደነበር ይናገራሉ።

ውይይቱ እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይበላሽበታል። አንደኛው «እንግዲያው ሁሉም ውሸት ነው» የሚል ድምዳሜ ነው። ድህነቱ እውነት ነበር፤ የስፔን ሪፐብሊክ መንግሥት ፊልሙን ማገዱም የሚያሳየው አንድ ነገር አለ። ሁለተኛው ሰዎቹን መርሳት ነው። የአካባቢው ሰዎች በዚያ ፊልም መታወቃቸው ሲያስቆጣቸው ኖሯል። ሁለቱንም ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ይጻፉና ክፍሉ ይከራከር፤ አንዱን መልስ አድርገው አይዝጉት።

ድምፁንም አይርሱ። ፊልሙ መጀመሪያ ሲታይ ድምፅ አልነበረውም፤ ቡኑኤል ራሱ ጽሑፉን ያነብ ነበር። አሁን ያለው ትረካ ስለ ሞትና ስለ በሽታ የሚናገረው በቀዘቀዘ፣ ስሜት በሌለው ድምፅ ነው፤ ከሥሩ የብራምስ አራተኛ ሲምፎኒ ይሰማል። ምስል፣ ትረካና ሙዚቃ እርስ በርስ አይስማሙም፤ ሱሪያሊዝሙ ያለው እዚያ አለመስማማት ውስጥ ነው። ለልምምድ የአንድ ደቂቃ የገበያ ቪዲዮ ያለ ድምፅ ይቅረጹ። ሦስት ቡድኖች ሦስት ትረካ ይጻፉለት፦ አንዱ ገበያው እንደደራ፣ አንዱ እንደተቀዛቀዘ፣ አንዱ ስለ ገበያው ምንም ሳያነሣ ስለ አየር ጠባይ ብቻ። እያንዳንዳቸው ከ90 ቃላት አይብለጡ፤ ከዚያ ከበለጠ አንባቢው ይቸኩላል። ሦስቱም ሲነበቡ ተማሪዎቹ ያዩትን ምስል ተለውጦ ያገኙታል።

የእኛም አገር ታሪክ ለዚህ ትምህርት ከባድ ምሳሌ አለው። በ1973 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ ለዓለም አሳየ። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ደርግ ያንን ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስና ንጉሠ ነገሥቱ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ ከሚያሳዩ ምስሎች ጋር አጣምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አስተላለፈው፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። ረሃቡ እውነት ነበር። ድግሱም እውነት ነበር። ሁለቱን ያገናኘው መቀስ ግን በሁለቱም ውስጥ ያልነበረ ሦስተኛ ነገር ተናገረ። ይህን ሲያስተምሩ የረሃብተኞችን ምስል ለልምምድ አይጠቀሙ፤ የሰው ልጅ የመጨረሻ ሰዓት የኤዲቲንግ መለማመጃ መሆን የለበትም፤ በዚያ ዘመን ዘመድ ያጣ ቤተሰብ ልጅም ክፍልዎ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ሁለት ካርድ ላይ «ረሃብ»፣ «ድግስ» ብለው ይጻፉ። እያንዳንዱ ለብቻው ምን ጥያቄ ያስነሣል? ጎን ለጎን ሲቀመጡ የትኛው ጥያቄ ይጠፋል፣ የትኛው አዲስ ይመጣል? ቅደም ተከተሉን ቢገለብጡትስ? አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይስጡት።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር በስልክ የአንድ ደቂቃ ሱሪያሊስት ፊልም ሠራን። ጭምብል አደረግን፣ ጭስ አበዛን፣ ቀለሙን አረንጓዴ አደረግነው። ያየው ሰው ሁሉ ሳቀብን። ምን አጠፋን? (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሁሉንም ነገር እንግዳ ማድረጋችሁ ነው ያበላሸው። ጭምብሉም ጭሱም ቀለሙም እንግዳ ከሆነ ተመልካቹ የሚያነጻጽርበት ያጣና «ጨዋታ ነው» ብሎ ይቀመጣል። ለሚቀጥለው ፊልማችሁ ሕግ አውጡ፦ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚዛነፈው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ የዕለት ተዕለት፣ ጥርት ያለ፣ በቀን ብርሃን የተቀረጸ ይሁን።

ከላይ በጠቀስነው «ሜሺስ ኦፍ ዚ አፍተርኑን» ውስጥ ያሉትን የአራቱን እርምጃዎች ልምምድ ሥሩ። አራት ቦታ ምረጡ፦ የግቢው ጠጠር፣ ሣር፣ ደረጃ፣ የክፍል ወለል። ስልኩን ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ በሁለት ወፍራም መጽሐፍ መካከል ወደ ጎን አጋድማችሁ አቁሙት። ከእግሩ ያለው ርቀት በአራቱም ቦታ እኩል ይሁን፤ በገመድ ለኩት፣ 1 ሜትር ተኩል ይበቃል። ዙም አትንኩ። ተራማጁ በየቦታው ሦስት እርምጃ ቀድሞ ይጀምር፣ ሁለት እርምጃ አልፎ ይቁም፤ አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ «አንድ፣ ሁለት» እያለ ፍጥነቱን ይጠብቅ። አቅጣጫው ሁልጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ይሁን። አንዱን ብቻ ከቀኝ ወደ ግራ ብትቀርጹ ሰውዬው ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስላል፤ ይህ ጀማሪዎች ሁሉ የሚሠሩት ስሕተት ነው።

ስትቆርጡ እግሩ አየር ላይ ሳለ ቁረጡ። ቀኝ እግር ከጠጠሩ ተነሥቶ መንገዱን ሲያጋምስ ቁረጥ፤ ሣሩ ላይ ያው ቀኝ እግር ካጋመሰበት ጀምሮ ያርፋል። እግሩ መሬት ካረፈ በኋላ ከቆረጣችሁ ዓይን ይቆማል፣ መጋጠሚያውም ይታያል። ካፕካት በተባለው የቪዲዮ መቁረጫ መተግበሪያ ላይ ቁራጩን አስፍታችሁ አንድ አንድ ፍሬም (ቪዲዮው የተሠራበት ነጠላ ምስል) ወደፊትና ወደ ኋላ እያደረጋችሁ ሞክሩ፤ ሁለት ፍሬም ልዩነት ያመጣል።

ስልኩ የሚያበላሽባችሁ ደግሞ ይህ ነው። አውቶማቲኩ ተራማጁ ሲገባ ብርሃኑን ይለውጣል፤ ስለዚህ ከመቅረጻችሁ በፊት እግሩ የሚያርፍበትን ቦታ ስክሪኑ ላይ በጣት ተጭናችሁ ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፉ። ክፍል ውስጥ የመብራት ጨለም ፈካ ማለት ካያችሁ የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ነው፤ ስልኩ የሚፈቅድ ከሆነ በሴኮንድ 25 ፍሬም ምረጡ፣ ሹተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሴኮንድ አድርጉት። ካልፈቀደ መብራቱን አጥፍታችሁ መስኮት አጠገብ ቅረጹ። ደጅ ያሉትን ሾቶች በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ጨርሱ፤ ጥላ ሲዞር አራቱ ቦታዎች አራት የተለያዩ ቀናት ይመስላሉ። ያው ጫማ፣ ያው ካልሲ፣ ያው የሱሪ እጥፋት።

ዕቃ በቅጽበት የሚጠፋበትን ሾት ከፈለጋችሁ መንገዱን ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜልየስ ከመቶ ዓመት በፊት አሳይቶናል። ስልኩን አቁሙ፤ ተዋናዩ መሐል እንቅስቃሴ ላይ «ቁም» ሲባል እንደ ሐውልት ይቁም፤ ሌላ ሰው ዕቃውን ይውሰድ፤ ተዋናዩ ይቀጥል። ቀረጻውን አታቁሙት፣ ስልኩ ሲነካ ይነቃነቃል። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ቀርጻችሁ መሐሉን በኋላ ቁረጡ።

ድምፅ ላይም ያው ሕግ ይሠራል፦ አንድ የማይገጥም ድምፅ ብቻ። ተማሪ ፀሐይ በሞላበት ክፍል ደብተሩን ሲገልጥ ቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይሰማ፤ ሲዘጋው ዝናቡ ይቁም። ዝናቡን ለብቻው ቅረጹት፣ የክፍሉንም ጸጥታ 30 ሴኮንድ ቅረጹ። ዝናቡ ሲቆም ፍጹም ባዶ ከሆነ ተመልካቹ ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል፤ ያ የተቀረጸ ጸጥታ ነው የሚያድናችሁ።

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ የቅዳሜ ትምህርት ቤት ለልጆቻችን አማርኛና ባህል እናስተምራለን። ስለ ሱሪያሊዝም ስናነሣ የሚጠቀስ የእኛ ሰው አለ? ጠልሰምንስ የኢትዮጵያ ሱሪያሊዝም ማለት እንችላለን? (ወላጆች)

መልስ፦ አለ፤ ለእናንተም ሩቅ አይደለም። እስክንድር ቦጎስያን በ1937 ተወልዶ፣ ወጣት ሳለ ለንደንና ፓሪስ ተምሮ፣ በፓሪስ ቆይታው ከሱሪያሊዝም ጋር በተለይም ከኩባዊው ሠዓሊ ዊፍሬዶ ላም ሥራ ጋር ተዋወቀ። በ1966 ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ ኋላም ለረጅም ዓመታት በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። ልጆቻችሁ ከሚኖሩበት ብዙ የማይርቅ ግቢ ነው። ከፊልም ጋር ለማያያዝ የሥዕሎቹን ፎቶ ትልቅ አድርጋችሁ አትሙና ልጆቹ 5 ሴንቲ ሜትር ካሬ ቀዳዳ ያለው ካርቶን ይዘው በሥዕሉ ላይ ስምንት «ሾት» ይምረጡ፤ ቅደም ተከተል ይስጧቸው፤ ከዚያ ይገልብጡት።

ጠልሰምን ግን ሱሪያሊዝም አትበሉት። ጠልሰም የተሠራው ለመፈወስና ክፉ መንፈስን ለማራቅ ነው፤ ሠሪውም ለባሹም እንደሚሠራ ያምኑበታል። የፓሪሶቹ ሱሪያሊስቶች ድብቁን አእምሮ ፈልገው ነው የሄዱት። እስክንድር ከሁለቱም መውሰዱ እውነት ነው፤ ያ ግን የእሱ ሥራ ነው፣ ሁለቱን አንድ አያደርጋቸውም።

ጥያቄ፦ የተማሪዎችን ሱሪያሊስት ፊልም በምን ላርም? «ሕልም ስለሆነ ስሕተት የለውም» ይሉኛል። (መምህር፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ስሕተት አለው። ከ20 ያርሙ፤ 10ሩን ከፊልሙ በፊት ለሚቀርበው አንድ ገጽ ይስጡ። ተማሪው እዚያ ላይ የሚዛነፈውን አንድ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፣ ሌላው ሁሉ እንዴት እውነተኛ ሆኖ እንደሚቆይ ሾት በሾት ያስረዳል። 6ቱ ለመጋጠሚያዎቹ ነው፦ አቅጣጫ ተጠብቋል ወይ፣ ብርሃን ይዘላል ወይ፣ እንቅስቃሴው መሐል ተቆርጧል ወይ። 4ቱን ክፍሉ ይስጥ፤ ፊልሙን አንዴ ካዩ በኋላ የተዛነፈውን ነገር ከተመልካቾቹ ግማሹ በትክክል ከጻፉት ሙሉ ውጤት ያገኛል። ለፊልሙ «ትርጉም» ማብራሪያ ውጤት አይስጡ፤ ከሰጡ በሚቀጥለው ጊዜ ሁሉም ትርጉሙን ቀድሞ ጽፎ ምስሉን በኋላ ይፈልግለታል። ዝቅተኛ ላመጣ ቡድን በሳምንቱ እንደገና ቀርጾ እንዲያመጣ ዕድል ይስጡና የሁለተኛውን ውጤት ብቻ ይመዝግቡ።